የከድሩ ፍላሽ

አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም፣ ሊኑክሱ፣ ያለ ምንም ችግር ተነሣ። ውብሸት ላፕቶፑን ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጦ ቬንትሌተሩን ለራሱ ሳይሆን ለእሱ አዙሮለት ነበር፤ የሎጊያ ቀትር ሰውንም ማሽንንም አይምርም። ከጓደኛ ተገልብጦ የመጣው የድሮው ሲስተም በቫይረስ ምክንያት ሁለት ጊዜ የፈተና ወረቀቶቹን አጥፍቶበታል። ይኼኛው ግን በነጻ የተገኘ፣ ከማንም ያልተሰረቀ ነው። ደስ አለው።

"ኤፊ፣ ነይ እስኪ እዪው።"

ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች ከበሩ ላይ አየችው።

"ደግ ነው። እንግዲህ የጋሽ ከድሩን ፍላሽ መልስላቸው፤ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ጅቡቲ ይወጣሉ።"

ፍላሹን ከፈተው። የሊኑክሱ ፋይሎች ብቻ ተደርድረዋል። ነቅሎ መልሶ ሰካው። ያው ነው። "ኑርሀያት" የሚለው ፎልደር የለም።

የራሱ ፍላሽ ለሲስተሙ መጫኛ አልበቃ ስላለው፣ ጎረቤቱ ከድሩ ትናንት ከከባድ መኪናው ቴፕ ላይ ነቅሎ ነበር የሰጠው። "የልጄን ድምፅ ብቻ እንዳትነካብኝ" ብሎታል። ውብሸትም ሠላሳ ሁለት ጊጋ በሚይዝ ፍላሽ ላይ ስድስት ቢጨመር ምን ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ዘፈን እንደ መገልበጥ መሰለው። ሲስተሙን ፍላሽ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም ግን ከመጻፉ በፊት ፍላሹን ጠርጎ ባዶ ያደርገዋል። ይህንኑ በቀይ ጽፎ ጠይቆትም ነበር። ሳያነበው "የስ" የሚለውን ተጫነ። ሰመራ ትምህርት ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ" እያለ ያስተማረ ሰው ነው።

ኑርሀያት ከእነዚያ ተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። አምና ወባ በአራት ቀን ወሰዳት። በሕይወት ሳለች አባቷ መሪ ላይ እንዳያንቀላፋ ብላ አርባ ደቂቃ ወሬ ቀድታለታለች፤ እንቆቅልሽ፣ የክፍል ሐሜት፣ በየመሀሉ ደግሞ "አባ፣ ነቅተሃል?" የቀዳችበት ስልክ ኋላ ወደብ ላይ ተሰርቋል።

ሲስተሙን ከዩኒቨርሲቲ ላወረደለት ጓደኛው ለሙሌ ደወለ።

"ስንት ጻፍክበት?" አለው ሙሌ።

"ስድስት ጊጋ።"

"እንግዲያው ከሥሩ የነበረው አልቋል። ከዚያ የተረፈውን የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ሞክር።"

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አራት መንዙማና አንድ የሰርግ ዘፈን ተመለሱ። የልጅቷ ድምፅ ፍላሹ ላይ መጀመሪያ የገባ ስለነበር መጀመሪያ የጠፋውም እሱ ነው። ውብሸት ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። አፈረ፤ ከሐፍረቱም በላይ ፈራ።

"ሙቀት አቃጠለው በላቸው" አለች ኤፊ ቀስ ብላ። "እዚህ አገር ሙቀትን ማን ይጠራጠራል?"

"ተይ እባክሽ።"

"እውነቱ ምን ይፈይድላቸዋል? ጠፍቷል፣ ጠፍቷል። ሰው በጎረቤቱ እጅ ከሚጠፋበት በእግዜር እጅ ቢጠፋበት ይሻለዋል።"

እውነቷን ነው ሊል ምንም አልቀረውም።

"ቤቶች" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከድሩ ሽርጡን አገልድሞ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ገባ።

"መምህር፣ ኮምፒውተርህ ዳነልህ?"

"ድኗል።"

"አልሀምዱሊላህ። በል እንግዲህ ልጄን መልስልኝ። ጭነት ስጠብቅ ሁለት ሌሊት ዓይኔን አልከደንሁም። እሷን ተማምኜ ነው የምወጣ።"

"ትንሽ ቢተኙስ፣ ጋሽ ከድሩ?"

"ተራዬ ያልፋል። ችግሩ ከሰርዶ ወዲያ ነው፤ መንገዱ ዝም ብሎ ያስተኛል። ወላሂ፣ እሷ 'አባ' ባትለኝ ይሄኔ ተገልብጬ ቀርቼ ነበር።"

እጁን ዘረጋ። ኤፊ ቢላዋዋን አቁማ ባሏን ታየዋለች። ሙቀት የሚለው ቃል ውብሸት ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አንገቱን ደፍቶ የሰውየውን መዳፍ አየ፤ መሪ ያጠቆረው፣ የሻከረ መዳፍ ነው። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ተወውና ተነሥቶ እሱም የራሱን እጅ ዘረጋ።

"ጋሽ ከድሩ" አለው፣ "የምነግርዎት ነገር አለ። መጀመሪያ ግን የመኪናውን ቁልፍ ይስጡኝ።"