በሽፋኑ ላይ ብቻ የቀረችው ስምንተኛዋ ዘፈን

ወንበር ሳብ ሳብ አድርጉና ተቀመጡ። ሹራብ የምትሠሩ ሹራባችሁን አትጣሉ፤ እኔ የምፈልገው ጆሯችሁን ነው፣ እጃችሁ ሥራውን ይቀጥል። በሩን ብቻ ገርበብ አድርጉልኝ፤ የመኪናው ጡሩምባ ወሬዬን እንዳይሻማኝ።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ትንንሽ ናቸው፣ ከሌላ ሰው ተውሶ የገጠማቸው ነው የሚመስሉት። ስሙ የወጣለት በሌላ ነው። የስፌት መኪናው እየተንገጫገጨ፣ ሬዲዮው እየዘፈነ፣ ሁለት ሴቶች በር ላይ እየተጨቃጨቁ፣ ድንገት እግሩን ከመርገጫው ላይ ያነሳና «ቆይ! ዘፋኟ እዚች ጋ ትንፋሿን ሳበች፤ ሰማችሁ?» ይላል። ማንም አልሰማም። እሱ ግን ሰምቷል።

ሱቁ ጠባብ ናት። በቀኝ የስፌት መኪናው፣ በግራ የካውያው ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ። የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ክርና ቁልፍ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ ካሴትና ሸክላ ነው። ያውም ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ጆሮ የሚያሳድደው ያልታተመውን ነበር፤ የልምምድ ቀረጻ፣ «ይኼ አይሆንም» ተብሎ የተጣለ፣ ከበሮ መቺው ስቶ ሁሉም በሳቅ የፈረሱበት።

«አሁን ይኼ ምን ያደርግልሃል?» የሚለው ሰው አይጠፋም።

«የታተመው ላይ ዘፋኟ ለእንግዳ ለባብሳ ነው የምትጠብቅህ» ይላል፣ መርፌውን ወደ ብርሃን አንስቶ ክር እያስገባ። «ልምምዱ ላይ ግን ጓዳ ገብተህ ነው የምታገኛት። ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ከጊታር መቺው ጋር ስትነታረክ፣ አንዷን ስንኝ አምስት ጊዜ ስትሞክር። እኔ ልብስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ውስጡን ነው የማየው። የሰፊው እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው።»

ሚስቱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ስም ስትጠራ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይሰማል። እሷ ታዲያ ይህን በሰማች ቁጥር «የሰው ባል ሴት ያሳድዳል፤ የኔው ሳል ያሳድዳል!» ትላለች። መኝታ ቤታቸው ውስጥ የቁም ሣጥኑን ቦታ የወሰደ፣ ሁለት ትልልቅ የድምፅ መቅጃ ክር ጥቅል የሚሽከረከርበት የድሮ ቴፕ አለ። እሱን «ጣውንቴ» ነው የምትለው። አቧራውን የምትጠርገው ግን እሷው ነች።

ከመደርደሪያው መሃል አንድ የሸክላ ሽፋን ጀርባው ወደ ሰው ዞሮ ተሰቅሏል። ሽፋኑ ሸክላው ሳያልቅ ቀድሞ ስለታተመ ስምንት ዘፈኖች ተዘርዝረውበታል። ሸክላው ላይ ያሉት ሰባት ናቸው። ስምንተኛዋ «ውሃው እስኪፈላ» ትባላለች፤ ከስሟ በቀር ምንም የላትም።

ጋሽ ጆሮ ያቺን አንድ መስመር አርባ ዓመት ሲያያት ኖሯል። ዜማዋን ራሱ በሆዱ ሠርቶ ያውቃል፤ ሠርቶ አፍርሶ፣ ሠርቶ አፍርሶ። ዘፋኟን ከሁሉ አስበልጦ ይወዳታልና ሰባቱን በቃሉ ያውቃቸዋል። ስምንተኛዋን ሳይሰማ መሞት ግን እንደ ዕዳ ይከብደዋል።

በጊዜው የተወራው እንዲህ ነበር። ድምፅ ቀጂው ዘፈኗን በቀዳ በሳምንቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ሰባቱ ወደ ሸክላ አልፈዋል፤ ይህችኛዋ ቀርታ ነበር። ክሩን ከፍተው ሲሰሙት ማጉረምረም ብቻ ሆነባቸው። «ታሞ ሲሠራ አበላሽቶት ነው» ተባለ። ዘፋኟን ድገሚልን ቢሏት እምቢ አለች። ከዚያም ብዙ ሳትቆይ መዝፈኑንም ተወችው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ እጅጌው የረዘመ ነጭ ጋዋን ይዛ መጣች። በአርባዎቹ ማገባደጃ ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ጋሽ ጆሮ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ እጅጌውን ሲያጥፍላት ዓይኗ ሽፋኑ ላይ አረፈና ቀረ።

«ጋሼ፣ ይኼን ለምን ሰቀሉት?»

«ስምንተኛዋን ስለምጠብቃት።»

«አይጠብቋት» አለች። «እሷን ያበላሸው አባቴ ነው።»

ጋሽ ጆሮ አንዷን ስፒል ሊውጣት ምንም አልቀረው። አንድ በአንድ ከአፉ አወጣቸውና ወንበር አቀረበላት።

ነገሩን ቀስ ብላ ነገረችው። አባቷ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የሸክላ ኩባንያው ኮቱን፣ መነጽሩንና አንድ የካርቶን ሣጥን ላከላቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ ያ ክር ነበር። እናቷ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም።

«ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪያችን ‹የዚያ ዘፈን የበላው ሰውዬ ልጅ› ይለኝ ነበር። ለቀልድ ነው። ቤት ገብቼ ለእናቴ አልነገርኳትም። አሁን እሷም የለችም። ሰኞ ቤት ልቀይር ነው፤ ሣጥኑን ግን ይዤው አልሄድም። የቆሻሻ መኪና ሲመጣ እሰጠዋለሁ።»

«ከመስጠትሽ በፊት አንዴ ላድምጣት።»

«ጋሼ! የተበላሸ ነው እኮ ነው የምልዎት።»

«የተበላሸውም ይሁን። ልጄ፣ አርባ ዓመት ደብዳቤ የጠበቀ ሰው፣ ደብዳቤው ዝናብ አርሶት ቢመጣ ሳይከፍተው ይጥለዋል?»

ሽፋኑን እንደገና አየችና «ቅዳሜ ከሰዓት» አለችው።

ቅዳሜ ሚስትየው አልጋውን አንጥፋ፣ ሻይ አፍልታ ጠበቀቻቸው። «ግቢ የኔ እህት፣ ግቢ። ወንበር የለም፣ ጣውንቴ ቦታውን ይዛዋለች፤ አልጋው ላይ ተቀመጪ።» ጋሽ ጆሮ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ ሣጥኑን ከፈተው። ክሩ አልሻገተም፣ አልተጣበቀም፤ እንደ አዲስ መቀነት ልስልስ ብሎ ተጠቅልሏል። አጠመደውና ቁልፉን ተጫነ።

የወጣው ድምፅ የሰውም የእንስሳም አይመስልም። ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያለቅስ ሰው በሉት። የሚጎተት፣ የሚዋጥ፣ እንደገና የሚተፋ። ሚስትየው አፏን በእጇ ያዘች። የቀጂው ልጅ አንድ ደቂቃ ታገሠች፣ ሁለት ደቂቃ ታገሠች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። ፊቷ ላይ ያ በትምህርት ቤት ሲቀለድባት የነበረው እፍረት ተመልሶ መጥቶ ነበር።

«ሰሙት አይደል? በቃ፤ እንደዚህ ነው ያደረገው።»

ጋሽ ጆሮ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሯል።

«ሰውዬ፣ ልጅቷ እኮ ልትሄድ ነው!» አለች ሚስቱ።

«ከበሮው» አለ። «እስቲ ከበሮውን ስሙ።» ቴፑን አጠፋና የአልጋውን እንጨት በመዳፉ መታ። «ዱምምም… አያችሁ? ስትመቱት መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ እየሳሳ ይጠፋል። ይኼኛው ግን ከምንም ተነስቶ እያደገ፣ እያደገ ይመጣና ጫፉ ላይ ቀጭ! እያንዳንዱ ምት እንደዚያ ነው። የተበላሸ ነገር እንዲህ በሥርዓት አይበላሽም። ከጅራቷ ጀምረን ነው የምንሰማት! ዘፈኗ ደህና ናት፤ እኛ ነን የተገለበጥነው!»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ወደ ኋላ አይመልስም ነበር» አለች።

«ማን?»

«አባቴ። አንዳንዴ ስቱዲዮ ይወስደኝ ነበር። ቀረጻ ሲያልቅ ክሩን ፈጥኖ የሚመልሰውን ቁልፍ መጫን እወዳለሁ፤ ሽው ሲል ደስ ይለኛል። እሱ ግን እጄን ይይዘኛል። ‹ተይው፤ ቀስ ብሎ እንደተጠቀለለ ይተኛ። በችኮላ የተጠቀለለ ክር ይጨማደዳል። ስንፈልገው ያን ጊዜ እንመልሰዋለን› ይለኛል።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ጠንቃቃ ቀጂ ሥራውን ጨርሶ መጨረሻው ወደ ውጭ እንደሆነ ያስተኛዋል፤ የሚያጫውተው ሰው መጀመሪያ ይመልሳል፣ ከዚያ ያጫውታል። እሱ ሲሞት ቦታውን በጥድፊያ የተካው የኩባንያው ባለቤት የእህት ልጅ ነበር፤ ሥራ ከጀመረ ሦስት ቀኑ። እንዳገኘው አጠመደው፣ ትንሽ ሰማ፣ «ተበላሽቷል» አለ። የሞተ ሰው ደግሞ ተነስቶ አይከራከር።

አሁን የቀረው መመለሱ ነው። ጋሽ ጆሮ ፈጣኑን ቁልፍ አልነካም፤ አርባ ዓመት የተኛ ክር በኃይል ቢሳብ ሊበጠስ ይችላል። ሙሉውን ጥቅል በቀኝ፣ ባዶውን በግራ አድርጎ፣ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። ዙር በዙር። ሚስትየው ከወዲያ በኩል ክሩ እንዳይላላ ጥቅሉን በመዳፏ ደገፍ አደረገችለት። ሲደክማቸው ልጅቷ ተካቻቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ማንም አላስታወሰውም።

አልቆ ቁልፉን ሲጫን ጣቱ ደንዝዞ ነበር።

መጀመሪያ የወንድ ድምፅ መጣ። ረጋ ያለ፣ ለቸኮለ ሰው የማይመች ድምፅ። «ስምንተኛ። ውሃው እስኪፈላ። አንደኛ ቀረጻ።»

ልጅቷ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«አንደኛም መጨረሻም ናት» አለች ዘፋኟ። «ድገሚ ብትለኝ ጥዬልህ ነው የምሄደው።»

«አልልሽም። አንቺ ብቻ ከማይኩ ትንሽ ራቅ በይ፤ ዛሬ ጉልበት አለሽ።»

«ቁርሴን በልቼ ነዋ!» ሳቅ ሆነ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ከበሮው፤ አሁን እንደ ወጉ ጮኾ እየሳሳ።

ዘፈኗን እንዴት ልንገራችሁ? አንዲት ሴት ሰው እየጠበቀች ውኃ ጥዳለች። ውኃው ፈላ፣ ሰውየው አልመጣም። ደፍታ ሌላ ጣደች። ያም ፈላ። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። ግን ሦስተኛውን ስትጥድ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ይተዋታል፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ፣ ዝቅ አድርጋ፣ ላለመጮህ እየታገለች ትዘፍናለች። በሸክላዎቿ ሁሉ እንደ ወንዝ የምትሞላዋ ሴት እዚህ የጠብታ ያህል ሆነች፤ ያቺም ጠብታ ሳትፈስ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥላ ቆየች። ጋሽ ጆሮ በሆዱ የሠራቸው ዜማዎች ሁሉ ከሷ ጎን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሆኑበት፤ እንደዚያ ሆነው በመቅረታቸውም ደስ አለው። ሚስትየው የትራስ ልብስ ጨብጣ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ «አንዴ ድገመው» አለች። ሳል አሳዳጅ ብላ የምትስቅበት ሴትዮ!

ልጅቷ ስልኳን አስጠግታ ቀድታው ነበር። ሲያልቅ ሣጥኑን ወደ ጋሽ ጆሮ ገፋ አደረገችው። «ለእርስዎ ይሁን፣ ጋሼ። የሚገባዎት እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጁ ወደ ሣጥኑ ሄዳለች። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት። አብረውት የሚሰበስቡት ሰዎች ቢሰሙ እንቅልፍ ያጣሉ። እጁ ሣጥኑ ላይ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ እጁን መለሳት።

«ዘፋኟ ሰምታታለች?» አለ።

በማግሥቱ ከሰዓት፣ ዘፋኟ የምትኖርበትን ሕንፃ አጠያይቀው፣ ቴፑን ሦስት ሆነው ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። «ጣውንቴ ዛሬ ሽርሽር ወጣች፤ እኔን ግን ሲኒማ እንኳ ወስዶኝ አያውቅም» ትላለች ሚስትየው በየደረጃው። በሩን የከፈተችው ሰማንያ የተጠጋች፣ የአበባ ማጠጫ በእጇ የያዘች ቀጭን ሴት ናት። ዕቃውን አየችና «ሽያጭ ከሆነ አልገዛም፤ ጥገና ከሆነም አልጠራሁም» አለቻቸው።

«የእርስዎ ዕቃ ነው፤ ልንመልስልዎት ነው» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ላቡን እየጠረገ።

ያ ረጋ ያለ ድምፅ «ስምንተኛ» ሲል ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ዘፈኗ እስክታልቅ ቆማ ሰማች። ስለ ራሷ ድምፅ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት፤ ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግራት አወቀች።

«አባትሽን አርባ ዓመት አማሁት» አለቻት። «አርባው ሲወጣ እንኳ አልመጣሁም። ‹የሕይወቴን ዘፈን በልቶብኝ› ብዬ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ከልጅቷ አፍ የልጅ ጥያቄ ነው የወጣት። «ጥሩ አድርጎ ነው የቀዳው?»

«እሱ እንደያዘልኝ አድርጎ ድምፄን የያዘልኝ ሰው፣ ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም የለም።»

ወሬው ወጣ፤ እንደዚህ ያለ ነገር መች ይደበቃል። አንድ አሳታሚ መጣና ላውጣት አለ። ክሩ ይጸዳል፣ ከፊት ያለው ንግግር ይቆረጣል፣ አለ። ዘፋኟ «እሱ ከተቆረጠ እኔም የለሁበት» አለችው። እሱም በኋላ እንነጋገር ብሎ ሄደ፣ እስካሁንም አልተነጋገሩም። ስለዚህ እስከ ዛሬ አልታተመችም። ልትሰማት የምትፈልግ ነፍስ በዘፋኟ ፈቃድ በካሴት ወደተቀዳችበት ጋሽ ጆሮ ሱቅ ትሄዳለች፤ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ኮቶችና ያልተተኮሱ ሱሪዎች መሃል ቆማ ታዳምጣለች። ከሩቅ ከተማ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው አለ። ያቺ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛም አንዳንዴ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ ከፊት ያለችውን ጥቂት ቃል ሰምታ ትሄዳለች።

እናንተም አንድ ቀን ትሄዱ ይሆናል። ከሄዳችሁ አደራ፣ ዘፈኑ እስኪጀምር ብላችሁ አታውሩ። ያ ሰው «ስምንተኛ» ሲል ዝም በሉለት፤ አስታውሱልኝ።