የዘካሪያስ የግመል ወተት

ዘካሪያስ ባጃጁን ከቆቦ ዋጃ ሲያመላልስ ታሂር ደጃፍ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። ታሂር ከአፋር የሚመጣለትን የግመል ወተት ይሸጣል። ክርስቲያን ሆኖ የግመል ወተት ይጠጣል ተብሎ ዘካሪያስን ያላማው የለም፤ እሱ እንደሆን አይሞቀው አይበርደው። ጴንጤ ከሆነ ወዲህማ ወደ አፍ የሚገባ ነገር ሰውን አያረክስም ይላል፣ አረፋውን ከከንፈሩ እየጠረገ።

ጣጣው የመጣው አያ ደምሴን ይዞ የሄደ ቀን ነው። አያ ደምሴ ማሽላ አራሽ ነው፤ ወደ እነዘካሪያስ ጸሎት ቤት መምጣት ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ዘካሪያስ ሲያጨበጭብ ያጨበጭባል፣ ዓይኑን ሲጨፍን ይጨፍናል። ያን ቀንም ዘካሪያስ ሲጠጣ አየና፣ ፈሪ እንዳይባል አንድ ኩባያ ግጥም አደረገ።

ከዚያ ጠፋ። ሚስቱ ቆንጅት ባጃጁን መንገድ ላይ አስቁማ፣ ሰውዬው ረክሻለሁ ብሎ ጸሎት እንደተወ፣ አፉን በሎሚ ሲያሽ እንደሚውል፣ ለወጥ እንኳ ሎሚ እንዳላስተረፈላት ነገረችው።

ዘካሪያስ ሳቁ መጣ። ዛሬስ በጥቅስ አሳምነዋለሁ ብሎ ሄደ። አያ ደምሴ ማሳው ዳር ተቀምጧል፤ ከንፈሩ በሎሚ ተላልጧል። ይሄን ሲያይ ጥቅሱን ትቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ኃጢአት እንዳልሆነማ ነግረኸኛል» አለ አያ ደምሴ። «ሆዴ ነው አልሰማ ያለኝ።»

«ያጠጣሁህ እኔ ነኝ አያ ደምሴ፤ ኃጢአት ካለውም በኔ ይሁን። ካሁን ወዲያ እኔም አልቀምሳትም። አንተ ብቻ ና፣ እንጸልይ።»

ካፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ።

አያ ደምሴ እሁድ መጣ። ታሂር ግን ይሄን የሰማ ቀን ዘካሪያስን መሳቂያ አደረገው፤ ፈጣሪ ፈቅዶልህ ደምሴ ከለከለህ ወይ እያለ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጆጉን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል።

አንድ ቀን ዘካሪያስ አያ ደምሴን አሳፍሮ ዋጃ ታሂር ደጃፍ ሲደርስ፣ አያ ደምሴ አንጀቱ አልቻለም። «ቁም። በኔ የተነሳ አትጎዳ፤ እኔ ዞሬ እቆማለሁ፣ አንተ ጠጣ» ብሎ ወርዶ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። ታሂር ፈገግ ብሎ ቀዳ። ዘካሪያስ ኩባያውን ተቀበለ፤ ሽታው አፍንጫውን አወደው። ቀና ሲል የአያ ደምሴ ማጅራት እንደ እንጨት ደርቋል፤ ከንፈሩን ይዞ ያሻል። ዘካሪያስ ምራቁን ዋጠና ኩባያውን መለሰ።

ታሂር ራሱ አነሳና እያጣጣመ ጠጣው።

«ጨረስክ?» አለ አያ ደምሴ፣ ሳይዞር።

«ታሂር ጨረሰልኝ» አለ ዘካሪያስ። «ግባ እንሂድ።»