ከርከሮውን ማን ጣለው?

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ባፈና ይህን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከጊምቢቹ በታች ባለው አዲሱ መንደር የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ ስብሰባ መሀል ቆመና የታላቅ ወንድሙን ሚስት ትርፊትን፣ "እሺ፣ በራስሽ እጅ ጠብቀሽ፣ እስከ መስቀል አንዲት እንሰት ለከርከሮ ካላስበላሽ ማሳው የናንተው ይሁን" አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ትርፊት ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደር ምስረታ መጣና ሰው ሁሉ ቤቱን እያፈረሰ፣ አዲሱ ቦታ ላይ በመስመር ተደርድሮ እንዲሠራ ታዘዘ። ቤትስ ይፈርሳል፣ እንጨቱም በትከሻ ይሄዳል። እንሰት ግን ወዴት ይሄዳል? እንሰት የጓሮ ልጅ ነው። ቤቱ ሲርቀው እበቱ ይቀርበታል፣ የሚያየው ዓይን ያጣል፣ ያኔ ከርከሮ ይመጣል። ከርከሮ ደግሞ ስድስት ዓመት የተለፋበትን ተክል ባንድ ጠዋት ከሥሩ ገልብጦ በልቶ ይሄዳል፤ ይሉኝታ የለውም። ጠብመንጃ ያለው ማህበሩ ዘንድ ብቻ ነው፤ ጥይቱ ደግሞ ለአብዮቱ ጠላት እንጂ ለከርከሮ አይተኮስም ተብሏል። እንግዲህ ባፈና፣ "አሮጌው ጓሮ ሁሉ በከርከሮ ከሚያልቅ ተነቅሎ ለአምራቾች ማህበር በቆሎ ይዘራበት" አለ። መጀመሪያ የጠቆመውም የወንድሙን የማቴዎስን ማሳ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለ፣ ከሁሉም የሚያምር ማሳ።

ትርፊት የተነሳችው ያኔ ነው።

"አምና በድርቁ ያንተ ልጆች የበሉት ቆጮ ከየት ነው የመጣው? ከአብዮቱ ነው?" አለችው።

እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያሳስራል። ባፈና ወንድም ነውና ማሳሰሩ ከበደው፣ ሊቀ መንበር ነውና ዝም ማለቱም ከበደው። ስለዚህ ነገሩን በቀልድ ሊሸኘው ብሎ ያንን ቃል ሰጠ። ይኸው ነው።

ትርፊት ያንን ማሳ ትወደዋለች። አራት ልጆቿን የወለደችው ከሥሩ በነበረው ቤት ነው። የተከሉት አማቷ እማማ ገነቴ ናቸው፤ ሲያጸዱ ከጎናቸው ሆና፣ ሲያዛውሩ ችግኙን ተሸክማ፣ የትኛው ለቡላ የትኛው ለቆጮ እንደሚሆን ያወቀችው ከሳቸው ነው። እማማ ገነቴ እንሰቱን ሊያስተምሯት ሲሉ ብዙ ተቆጥተዋታል፤ ከሁሉ የከፋው ቁጣቸው ግን በቀስት የመጣ ነው።

የትርፊት አባት በጊቤ ቆላ በቆሎ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ቀስት ያስተማሩት እሷን ነው። ስትዳር ቀስቷን በሰሌን ጠቅልላ ይዛ መጣች። እማማ ገነቴ ሰሌኑን ሲፈቱ አገኙት።

"ሴት ቀስት ከያዘች ወንዱ ምን ሊይዝ ነው? ማሰሮ?" ብለው ጣሪያው ውስጥ ሰኩት። እዚያው ጭስ ሲጠጣ ዓመታት አለፉ። ትርፊትም አማቷን አክብራ ዝም አለች፤ ግን ወፍ በበረረ ቁጥር ዓይኗ ይከተል ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ቀስቱን ያወረደው ማቴዎስ ራሱ ነው። ማቴዎስ የዋህ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ ዝማሬውን ለላሞቹ የሚዘምር።

"እንኪ፤ ማሰሮውን እኔ እይዛለሁ" አላት።

እናቱ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ፣ ግን አልከለከሉም። እንሰቱ የሳቸው ነዋ።

ትርፊት አዲስ ጅማት ወጠረች፣ ፍላጻዋን ሳለች፣ ማሳው መሀል ማማ ሠራች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ማማዋ ላይ ናት። ዝናብ ይወርድባታል፣ ብርድ ይገርፋታል፣ እሷ እቴ። ጅማቱን ስባ ትንፋሿን ስትይዝ ዓለም ሁሉ ዝም ይልላታል፤ ልጅነቷ፣ አባቷ፣ ቆላው ሁሉ ይመለስላታል። ልጆቿን ከወለደችበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፣ ይህንንም ለማቴዎስ አልደበቀችውም። ከርከሮዎቹ አንድ ሁለት ሲወድቅባቸው ነገሩ ገባቸው፤ ወደ ጎረቤት ማሳ ዞሩ። የጎረቤቱ ሴቶች መጥተው ሲለምኗት ለእነሱም ትወርድላቸው ጀመር። የቀረው አንድ አሮጌ ብቻ ነው፤ ክራንቻው የተሰበረ፣ ሰው የማይፈራ ሽማግሌ። እሱ ጊዜውን ጠበቀ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያን ዓመቱ ጉድ ግን ከጠባ በኋላ ነው የመጣው። የመስቀል ዋዜማ ጠዋት፣ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ኃይለመለኮት ከሆሳዕና መጡ። ባፈና ያንን ቃሉን እንደ ቀልድ ቆጥሮት፣ ጠብመንጃውን አንግቶ፣ ሚሊሻና ሰው አስከትሎ፣ የሚነቀለውን ማሳ ሊያሳያቸው ወረደ። ትርፊት ስለዚህ አታውቅም። ማማዋ ላይ ናት። እማማ ገነቴ ከታች፣ አጥሩ ጥግ ኮባ ይቆርጣሉ።

አሮጌው ከርከሮ በላይኛው በኩል አጥሩን ጥሶ ገባ። እንሰቱ ሥር ደርሶ አፍንጫውን አፈር ሲያስነካ ትርፊት ጅማቱን ሳበች። ቸኮለች እንዳይባል ጎኑን እስኪሰጣት ጠበቀችው። ጅማቱን ለቀቀችው። ፍላጻው ከብብቱ ሥር ገባ። ከርከሮው ግን አልወደቀም፤ አጓርቶ ቁልቁል ሮጠ፣ በቀጥታ ወደ እማማ ገነቴ። ትርፊት ሁለተኛ ፍላጻ ስታወጣ ከአጥሩ ወዲያ ጥይት ጮኸ። ከርከሮው ደንግጦ ታጠፈ፣ አጥሩን ሰብሮ ወጣ፣ የወንዙ ጭቃ ላይ ደርሶ ተዘረረ።

ሰው ግር ብሎ መጣ። ባፈና የጠብመንጃውን አፈሙዝ ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ይኸው ጓድ፣ ማህበሩ ጣለው። ማሳውን የጠበቀው የማህበሩ ጠብመንጃ ነው" አለ።

"የኔ ፍላጻ ነው የጣለው" አለች ትርፊት እያለከለከች።

"ፍላጻው የታለ? ጥይቴ በዚያኛው ጎኑ ነው የገባው።"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ከርከሮው ፍላጻው በገባበት ጎኑ ተኝቷል፤ ከላይ የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው። ሽማግሌው አቶ ላምቤቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "የአደን ሕግ የታወቀ ነው፤ ቀድሞ ደም ያፈሰሰው ነው ባለቤቱ። ይገልበጥና ይታይ" አሉ።

ይገልበጥ ማለት ቀላል ነው። ማን ይገልብጠው? ከርከሮ የነካ ሰው እኮ ከሰው ገበታ አይቀርብም። ክርስቲያኑም እስላሙም አይነካውም፤ ሲሞት እዚያው ለጅብ ይተዋል። ባፈና አፉን የሞላው ይህንን ተማምኖ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሚሊሻዎቹ ጫማቸውን አዩ። ጓድ ኃይለመለኮት እንኳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ትርፊት ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች። ከርከሮውን በሁለት እግሩ ያዘችና ጥርሷን ነክሳ ገለበጠችው። ከብብቱ ሥር የተሰበረ ፍላጻ ተተክሏል። በእጇ ውሃ እየጨለፈች ያንንም ጎን ይህንንም ጎን አጠበችው። ሌላ ቀዳዳ የለውም።

ሰዉ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሳቅ ተነሳ፤ የማቴዎስ ሳቅ ከሁሉም ይሰማ ነበር። ሳቁን የቆረጡት ጓድ ኃይለመለኮት ናቸው።

"እንግዲህ ጥይቱስ የት ሄደ?" ሲሉ ባፈናን ጠየቁ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ባለፈው ዓመት በሌላ ቀበሌ አንድ ሰው አለአግባብ ጥይት ተኮሰ ተብሎ ታስሮ እስካሁን አልተፈታም። የባፈና ፊት አመድ መሰለ። ትርፊት አየችው። አንዲት ቃል ብትጨምር፣ ወይ ዝም ብትል እንኳ፣ አለቀለት። አልዋሻችሁም፣ ልቧ "ይበለው" አላት። ግን በድርቁ ጊዜ ልጆቹ ከልጆቿ ጋር ባንድ ቁርበት ላይ ተኝተዋል።

"ጥይቱ ሥራውን ሠርቷል" አለች። "ከርከሮው ፍላጻዬን ይዞ ወደ ባፈና እናት ነበር የሚሮጠው። በተኩሱ ደንግጦ ባይታጠፍ ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ነበርን።"

እውነት ነው፤ ከማማዋ ላይ አይታዋለች። ባፈና ግን ራሱ አላወቀም ነበር፤ መሳቱ አሳፍሮት እናቱን ማዳኑን ሳያይ ቀርቷል።

"እውነት ነው እናቴ?" ብለው ካድሬው እማማ ገነቴን ጠየቁ።

"እውነት ነው። ልጄ አዳነኝ። የገደለችው ግን እሷ ናት።"

ጓድ ኃይለመለኮት ራሳቸውን ነቀነቁና ጥይቱን ተዉት። ባፈና ኮፍያውን አወለቀ። ሁሉ እንዲሰማው አድርጎም ተናገረ።

"ቃሌ ቃል ነው። ማሳው የነሱ ነው። የጎረቤቶቹም ጓሮ አይነቀል፤ እሷ ከጠበቀችው ተጠብቋል ማለት ነው።"

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ለከርከሮ እልል ሲባል በዚያ አገር ያን ቀን መጀመሪያው ነው። የትርፊት አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ ማሳዋን አሻግራ እያየች፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሰው ግን እያወደሳትም አልቀረባትም፤ እጇ እስከ ክርኗ ደምና ጭቃ ነው፣ ያውም የከርከሮ ደም። ማቴዎስ እንኳ ሊያቅፋት ፈልጎ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋው።

እማማ ገነቴ ቅል ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሞልተው ተመለሱና ፊቷ ቆሙ።

"ዘርጊ" አሏት።

"ኧረ እማማ፣ ይተዉ። እኔ ነኝ እንጂ የማስታጥብዎት።"

"ዘርጊ አልኩሽ።"

አማት ለምራት እጅ ስታስታጥብ ማን አይቶ ያውቃል? እማማ ገነቴ ውሃውን አፈሰሱ፤ አልለቅ ያለውን ደም በገዛ አውራ ጣታቸው እያሹ አስለቀቁ፣ ጣት በጣት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁላትና ክንዷን ያዙ።

"በይ ነይ፤ እህል ሳትቀምሺ ነው የወጣሽው። ከኔ ጋር ባንድ ገበታ ትበያለሽ።"