የማቀዝቀዣው ክፍል በር

አበባ ማሸጊያው ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ሰው በር ጠባቂው ነበር፤ የሚጠብቀው የማቀዝቀዣውን ክፍል በር ነዋ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ በረዶ» ነው የሚለው። ጉልበቱ ድረስ በሚወርድ ወፍራም ካፖርት ተጠቅልሎ፣ የሱፍ ቆቡን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ በጽጌረዳ ባልዲዎች መሃል ይንጎራደዳል። ጽጌረዳዎቹ ባሕር ተሻግረው የሚሸጡ ናቸው። መንገዱን እንቡጥ እንደሆኑ፣ ተኝተው እንዲጨርሱት ሲባል መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይቀዘቅዛሉ።

ከበሩ ወዲያ ያለው አዳራሽ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጣሪያው ራቁቱን የቀረ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ለስም ያህል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የአበባውን ግንድ የሚቆርጡትም፣ እቅፍ የሚያስሩትም፣ ሳጥን የሚሞሉትም ሰበብ ፍለጋ ይጀምራሉ።

«ጋሼ፣ መቀሴን እዚህ ረስቼ ነው።»

«ጋሼ፣ ቀዩ ባልዲ ሞልቶ እንደሆነ ልይና ልውጣ።»

እማማ መቀስ ብቻ ሰበብ አያውቁም። ከቆራጮቹ ሁሉ አንጋፋዋ ናቸው፤ በሩን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ በዚህ ሙቀት ሰበብ ማሰቡም አልሆነልኝ። ዝም ብለህ አስገባኝ» ይሉታል።

ጋሽ በረዶም ያስገባል። በመጣ ሰው ፊት ላይ በር መዝጋት አልፈጠረበትም። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ በሩ እንደ አፍ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ግድግዳው ላይ ያለው የቴርሞሜትር ቀስት ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ ያየዋል፤ አይቶም «ማታ ይወርዳል» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ገና ወጣት ነው፤ ሲቆጣ እንኳ የሚያፍር ዓይነት። ስልኩን ከፍ አድርጎ ከባሕር ማዶ ገዢው የላከውን ፎቶ አሳየ። ጽጌረዳዎቹ ከሳጥን ሳይወጡ ቧ ብለው ተከፍተው፣ ጫፋቸው ጠውልጓል።

«የሚመጣው ጭነት እንዲህ ሆኖ ከደረሰ ከሌላ አገር እገዛለሁ ብሏል» አለ። «እሱ ከተወን ደግሞ ይህን አዳራሽ መዝጋታችን ነው። ማቀዝቀዣው ቀዝቅዞ መዋል አለበት። ከእንግዲህ ያለ ሥራ ማንም አይገባም!»

የሁሉም ዓይን ጋሽ በረዶ ላይ ዐረፈ። እሱ ግን ያየው ሚስቱን ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ እቅፍ የምታስር እሷ ናት፤ አዳራሹ ቢዘጋ የቤታቸው ጉሮሮ በሁለት በኩል ይታነቃል።

በዚያው ዕለት በሩ ላይ ቁልፍ አበጀ፤ ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። መቀስ የረሳችም፣ ባልዲ የምታይም ተመለሰች። እማማ መቀስ በሩን በጉልበታቸው ገፋ ቢያደርጉ አልነቃነቅ አላቸው። ጥቂት ቆም ብለው፣ «እግዜር ይይልህ» ብለው ሄዱ። ይህችው ቃል ካፖርቱን አልፋ ገባችበት።

ማታ ቤት ሲገባ ራቱ ቀርቧል፤ ሚስቱ ግን ፊቷን አጥቁራለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ተቀቅዬ መጣሁ። አንተ ለአበባ እያዘንክ እኛን እንደ ድንች ታስቀቅለናለህ።»

«በሩን የዘጋሁት ለዚህ ቤት ብዬ እኮ ነው!»

«እዚህ ቤት ውስጥ እኔ አለሁበት ወይስ የለሁበትም?»

ራሱን አከከ። እሷም ሳቋ መጣና ዋጥ አድርጋ፣ «ስማኝማ» አለች። «ነገ በቀትር ና፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቁም። ካፖርትህን አውልቅ አልልህም፤ እንደተሸፋፈንክ ና።»

ነገሩ እውነቷን ነበር። ጋሽ በረዶ ጠዋት ሲገባ አዳራሹ ገና አልሞቀም፤ ማታ ሲወጣ በርዷል። ምሳውንም የሚበላው እዚያው ባልዲዎቹ መሃል ነው። በዚያ ማሸጊያ ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቶ ቀትርን አያውቀውም።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወጣ፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ካፖርቱን ሊያወልቅ ከቁልፎቹ ጋር እየታገለ ጥቂት ቆየ፣ አልፈታ ሲሉት እንደለበሰው በሩን ቆልፎ ሄደ። አዳራሹ መሃል ሳይደርስ ቆቡ ውስጥ ላቡ ፈላ።

«እሰይ! የክረምቱ አምባሳደር መጣልን!» አለች ሳጥን ከሚሞሉት አንዷ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ሚስቱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። ግንዱ ከላበው እጇ እያመለጠ አንዱን እቅፍ ሁለቴ ሦስቴ ስታስር አየ። ጣቱን ባልዲው ውስጥ ቢነክር ውሃው ለብ ብሏል። አንዱን እንቡጥ አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከንፈሩ ተላቅቋል።

«ይሄ እኮ እኔ ጋ ሳይመጣ ነው የነቃው!»

«እንዴት ይተኛ ታዲያ?» አለች ሚስቱ። «እኛ ስንቃጠል እሱ አጠገባችን አይደል?»

«የሱ መንቃት ምን ይገርማል» አሉ እማማ መቀስ በሻሻቸው እያራገቡ፤ «እኔ አጠገቡ ረግፌ ያለቅሁት!»

ጋሽ በረዶ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። ለካስ በሩን ቢዘጋም ባይዘጋም አበባው ቀድሞ እዚህ ያልቅለታል። በሩን የሚያስከፍተውም ይኸው ሙቀት ነው። ይህን ሊናገር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጠ፤ ቢሮው ባዶ ነው። ካፖርቱ ውስጥ ሊቀልጥ ስለደረሰ ወደ ክፍሉ ተመለሰና ቁልፉን አዞረ።

ከባልዲዎቹ ኋላ የሚንቀጠቀጥ ነገር አየ። ሥራ አስኪያጁ እጅጌ ጉርድ ሸሚዙን እንደለበሰ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል።

«ጋ-ጋሼ... ተመስገን! ብ-ብደበድብ ብደበድብ የሚሰማኝ አጣሁ።»

«ውይ በሞትኩት! መቼ ገቡ አለቃ?»

«አ-አንተ ከካፖርትህ ጋር ስ-ስትታገል... ቴ-ቴርሞሜትሩን ላይ ብዬ...»

ጋሽ በረዶ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው፤ ቆቡንም ደፋለት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ቴርሞሜትሩ እኮ ያለው በሩ አጠገብ ነው። እርስዎ ያሉት ጥጉ ጋ» አለ።

ሥራ አስኪያጁን ጥርሱ እየተንገጫገጨም ቢሆን ሳቁ አሸነፈው።

«የቢሮዬም ጣሪያ ያው ቆርቆሮ አይደል? ምን ላድርግ!»

«እንግዲያው ሁላችንም መቀስ ረስተናል» አለ ጋሽ በረዶ፤ በቀትር ያየውንም አንድ በአንድ ነገረው። «በሩን ከምንጠብቅ ጣሪያውን እናብርደው። ያኔ በሩ ራሱን ይጠብቃል።»

ሥራ አስኪያጁ ካፖርቱን እንደለበሰ አዳራሹ መሃል ሄዶ ቆመ፤ ላቡ እስኪወርድ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ብዙ መነጋገር አላስፈለገም። አበባው ከሚበቅልባቸው ቤቶች ላይ የወረደ አሮጌ የጥላ መረብ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። በዕረፍት ቀናቸው አንዱ መሰላል ያዘ፣ አንዱ ኖራ በጠበጠ፤ ቆርቆሮው ነጭ ተቀባ፣ መረቡም ከላዩ ተወጠረ። የማሸጊያው በያጅ ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቆርጦ የንፋስ መውጫ አበጀ። እማማ መቀስ ከታች ሆነው፣ «ያቺ ጥግ ቀርታለች! አዎ፣ ከእኔ በላይ ያለችው!» እያሉ አዘዙ።

በሥራ ቀን ቀትር መጣ፤ ማንም ልብ አላለውም። ነፋሱ በላይ በኩል ሽው ይላል፤ እቅፉ በአንዴ ይታሰራል፤ እንቡጡም ከንፈሩን እንደገጠመ በሩ ጋ ይደርሳል። ጭነቱ ሄደ። ገዢው ድምፁን እስኪያሰማ ድረስ ጋሽ በረዶ ከመኝታው በፊት የሚያደርሳት ጸሎት በአንዲት ልመና ረዘመች፤ «ተኝተው ይድረሱ» በምትል።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። ፎቶው ላይ ጽጌረዳዎቹ እንቡጥ እንደሆኑ ተደርድረዋል። ገዢው ይቀጥላል፤ እንዲያውም፣ «ምን አዲስ ነገር ብታደርጉ ነው?» ብሎ ጠይቋል።

«ምን አልከው?» አሉ እማማ መቀስ።

«ሰዎቹን አቀዘቀዝናቸው አልኩት!»

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

የዚያን ዕለት ቀትር ጋሽ በረዶ ቀስቱን አየ፤ ንቅንቅ አላለም። በሩ ቁልፍ የለበትም፤ የሚመጣም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ሰፋው፤ ለባልዲዎቹ ሊያወራ ምንም አልቀረው። ይሄኔ በሩ ገርበብ አለ፤ ሚስቱ አንገቷን አስገባች።

«ጋሼ፣ መቀሴን ረስቼ ነው» አለች እንደ እንግዳ።

«መቀስሽ እጅሽ ላይ ነው።»

«ይሁና!» አለች፤ «ታዲያ ልግባ ወይስ ልመለስ?»

ጋሽ በረዶ የካፖርቱን አንድ ወገን ከፈተላት።

«ግቢ፤ ግን ቶሎ ዝጊው። አበባዎቹ ተኝተዋል።»