በረንዳ ላይ የበቀለ ጥላ

ጋሽ ንጋቱ በረንዳቸው ላይ የተከሉት የሾላ ቅርንጫፍ ደረቀ፤ ጥላው ግን በቀለ።

የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የድሮው ግቢያቸው ሲፈርስ ከሾላው ሥር አንድ የቀለም ባልዲ አፈር ዝቀው፣ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡ። «አፈር ሳልነካ እንዴት እውላለሁ?» ብለው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከባልዲው አጠገብ መዳፍ የምታክል ጥላ ወለሉ ላይ ታየች። ቅጠል የለ፣ ግንድ የለ። እጃቸውን ሰደድ ቢያደርጉባት ቀዘቀዘቻቸው። ምን ይላሉ እንግዲህ? ውኃውን ጨመሩ።

በወሩ ጥላው በረንዳውን ሞልቶ በግድግዳው አልፎ ሄደ። ጎረቤታቸው ሰኪና መጥታ አንኳኳች።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ኧረ በአላህ! ልብሴ ሦስት ቀን ሙሉ አልደርቅ አለኝ። ጥላውን ትንሽ ይቁረጡልኝ።»

«አንድ እርምጃ ብቻ ታገሺኝ፣ የኔ ልጅ።»

«አንድ እርምጃ ወዴት?»

ጋሽ ንጋቱ ለክተውታል። ባለቤታቸው በለጥሻቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምስር ስትለቅም የኖረችው ከድሮው ሾላ ግንድ አምስት እርምጃ ርቃ፣ ጥላው ሥር ነው። አምስተኛው እርምጃ የሚያርፈው ሰኪና ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ይህንኑ ነገሯት።

«ናፈቀችኝ» አሉ በመጨረሻ።

ሰኪና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልብሷን ታች ግቢው ውስጥ ማስጣት ጀመረች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድግዳውን ደበደበች። «ጋሽ ንጋቱ! እንግዳ መጥታለች፤ ቶሎ ይምጡ!»

ከምድጃው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ የተቀመጠች ሴት ጥላ አለ። ጣቶቿ የሰፌድ ጥላ ላይ ይመላለሳሉ። የተቀመጠ ሰው ግን የለም። ጋሽ ንጋቱ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ጥላዋ ፈቀቅ አለችላቸው። አጠገቧ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ሰኪናም ሽንኩርቷን እየላጠች እንዳላየች ሆነች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ንጋቱ ተነሱ። ጥላቸው አልተነሳም።

ሰኪና ወለሉን አየት አደረገች። «ይሄኛውስ?»

«ይቀመጥ» አሉ። «አንዳችን እንኳ እንቆይላት።»

ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። የማታዋ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታቸው ነበር፤ ከኋላቸው ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ብቻ ነበር።