ነጩ ጠጠር

የልብስ ሰፊዋ ባል ሆስፒታል ከተኛ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ግማሽ አካሉና ምላሱ አልታዘዝ ብለውታል። ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር በደህናው እጁ አየር ላይ አራት ማዕዘን ይሥላል። የዓሣ ገንዳዬስ ማለቱ ነው። ድሮም ሲያኮርፋት ወሬው ከዓሦቹ ጋር ነበር።

ሐኪሙ «በቅርቡ ይወጣል» ያላት ቀን፣ ደስ ይበለው ብላ ገንዳውን ልታጸዳ ተነሣች። ዓሦቹን በባልዲ አወጣች፣ እጽዋቱን ነቀለች፣ ከሥር የተኛውን ጥቁር ጭቃ ዝቃ ከቆሻሻ ጋር ጣለች። በምትኩ ከግንባታ ዕቃ መደብር ያመጣችውን ነጭ ጠጠር አነጠፈችና ሁሉንም መለሰች። ገንዳው ፏ አለ።

በአሥረኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። በዚያው ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለ፤ ከነገ ወዲያ ይወጣል። ጠጠሩን በእፍኟ ይዛ የጌጥ ዓሣ ሻጩ ጋ በረረች።

«ልጄ፣ ድረስልኝ!»

ሻጩ አቼቶ ጠብ ሲያደርግበት ጠጠሩ አረፋ ደፈቀ።

«እትዬ፣ ይሄ ኖራ አለው፤ ውኃውን ያበላሸዋል። ለሥሩም ምግብ የለውም። የድሮውን ጭቃ የት አደረጉት?»

«የቆሻሻ መኪና ወሰደው።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

ሻጩ ከጥግ አንድ የአፈር ጆንያ ጎትቶ አመጣ። 

«አሸዋ ብቻውን ካነጠፉ ዓሦቹ ይተርፋሉ፣ ተክሉ ግን ያልቃል» አላት። «ይሄ ጥቁር አፈር ተክሉን ያነሣዋል፤ ግን አዲስ ሲሆን ዓሣ ይገድላል። ዓሦቹን አንድ ወር ሌላ ቦታ ማቆየት ነው።»

«ከነገ ወዲያ እኮ ነው የሚመጣው!»

«ሥር በሁለት ቀን አይዝም፣ እናቴ።»

አፈሩ ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ ተንሰቀሰቀች። «ቤቱ የሚናፍቀው ለገንዳው ብሎ ነው፤ ለእኔ አይደለም።»

ሻጩ አፈሩንም አሸዋውንም ተሸክሞ ቤቷ ድረስ አደረሰላት።

አፈሩን ከታች፣ አሸዋውን ከላይ አድርጋ እጽዋቱን መልሳ ተከለች። የተረፉትን አምስት ዓሦች ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ከትታ አየር የሚነፋውን ሞተር ሰካችላቸው። በማግሥቱ ሁለቱ ሞቱ።

ባሏ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ዓይኑ ቀጥታ ገንዳው ላይ ዐረፈ፤ የደፈረሰ ውኃ፣ የገረጣ ተክል።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ያሳመርኩልህ መስሎኝ...»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን እህል የሚባል አልቀመሰም። በማግሥቱም እሷ ስታጎርሰው አፉን ገጠመ።

በሦስተኛው ቀን ከጓዳ ስትመለስ፣ እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከትቶ የተንሳፈፈ ተክል ሊተክል ሲታገል አገኘችው። ይሰካዋል፣ ብድግ ይላል። ይሰካዋል፣ ብድግ ይላል። እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቡ ቆመችና አሸዋውን ያዘችለት። ተክሉ አሁንም ተነቀለ።

«ጠ... ጠለቅ» አላት በተኮላተፈ አንደበት።

ጣቷን ጥቁሩ አፈር ድረስ ሰደደች።

ከእጽዋቱ ሁለቱ ያዙ። ዓሦቹ ግን ገና ሳፋው ውስጥ ናቸው፤ ወሩ አልሞላም።