ክሩ የተፈታው አስታ

ደምሴ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ደጁ ላይ አቁሞ "ልጄን አልሰጥም" የማለት ድፍረት አልነበረውም። ቆቦ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ወሬው በማግስቱ ጎብዬ ገበያ ይደርሳል። ብርቱካንን ግን ለዋጃው ልጅ፣ ለሰመረ መስጠት አልፈለገም። ሰመረ ስለ ዕፅዋት የተማረ፣ ጨዋና ብርቱካንም የምትወደው ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የደጋ ዘር አለመሆኑ ብቻ ነበር። ደምሴ ራሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቆላው ላይ መሆኑን ያነሳበት የለም።

ስለዚህ መላ ዘየደ።

አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ቆቦ ሙቀት ላይ አይበቅልም። የደምሴ አያት ከጊዳን ተራራ ሲወርዱ አንድ ዝንጣፊ ይዘው ስለመጡ፣ በየመስቀሉ በቤቱ ጉበን ላይ አስታ ይሰቀላል። ደምሴም በየዓመቱ፣ "የኛ ተራራ አስታና የማዶው ተራራ አስታ ለየቅል ናቸው። የአገሩ ሰው በጨለማ ዳብሶ ይለያቸዋል" እያለ ይኩራራል። አሁን ከሁለቱም ተራራ ዝንጣፊ አስመጣና የአያቱን ተራራ አስታ በጥቁር ክር አሰረው።

ሚስቱ ብዙነሽ አጠገቡ ቆማ ነበር። "ዳብሰህ ለምትለየው ክር ምን ይሠራል?"

"ለምልክት ነው።"

"ለማን?"

ደምሴ ቋጠሮውን አጠበቀ።

የሰመረ አጎት ኪሮስ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሲመጣ፣ ደምሴ ዝንጣፊዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። "ልጃችሁ የተማረ ነው አሉ። የአያቴ ተራራ አስታ የትኛው እንደሆነ፣ በምን እንዳወቀውም ይንገረኝና ብርቱካንን ይውሰድ።" በግምት ቢያገኘው እንኳ ማስረዳቱ ይጥለዋል ብሎ ነው።

በሳምንቱ ተመለሱ። "መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ኪሮስ ጋዜጣውን ፈታ። አስታዎቹ አሉ፤ ክሩ የለም።

"ክሩስ?" አለ ደምሴ ሳያስበው።

"ልጁ ቅጠሉን ከሥሩ ልመርምር ብሎ ፈታው። ለአንቱ መቼም ክር ምን ያደርግልዎታል፣ አያ ደምሴ?"

ከዚያ የሰመረን ቃል ተናገረ፦ "ዘራቸው የተለያየ እህትማማቾች ናቸው። ይሄኛው አበባው ነጭ ነው፣ ንብ ይወደዋል። ያኛው አበባው ደቃቅና ቀላ ያለ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በሁለቱም ተራራ ይበቅላሉ፤ የቱ ከየት እንደተቆረጠ አላውቅም። አያ ደምሴ የአገሩ ሰው ናቸውና ያሳዩኝ፣ እኔም ልማር።"

ደምሴ አንዱን አንስቶ አሸተተ። ሌላውንም አሸተተ። ሁለቱም አስታ አስታ ይላሉ። ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰ። ያን ዕለት ሲያስር ያየው ክሩን ነበር፤ አበባውን አላየም። አንዱን መዝዞ "ይሄ ነው፣ ልጃችሁ ወድቋል" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብዙነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። እሷ ያን ዕለት ክሩንም አበባውንም አይታለች። ሰመረንም ትወደዋለች።

"እኔ የፈተንኩት" አለ ደምሴ ዝንጣፊዎቹን ቀስ ብሎ እያስቀመጠ፣ "የማያውቀውን አላውቅም ማለት ይችል እንደሆነ ነው። ልጁ አልፏል። ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተቀመጡ። "የደጋ ሰው ነገሩ ጥልቅ ነው" አለ ኪሮስ።

መርቀው ሲሄዱ ብዙነሽ ዝንጣፊዎቹን አነሳች። "ለመስቀል የምሰቅለው የቱን ነው?"

"ሁለቱንም። ከእንግዲህ ዘመድ ናቸው።"

ሁለቱንም ሰቀለቻቸው። ከዚያ ከመቀነቷ ጫፍ ሰመረ የፈታውን ያንኑ ጥቁር ክር ፈታችና ነጭ አበባ ያለውን መልሳ አሰረችው።

ደምሴ ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም።